የጨጓራ አሲድ ፓምፕና አጋጆቹ፦ ኦሜፕራዞል ሲቋረጥ ቃር ለምን ይብሳል?

በየጥቂት ወሩ አንድ አስደንጋጭ ርዕስ ይዞራል፦ «የጨጓራ መድኃኒት ኩላሊት ያበላሻል»፣ «የቃር እንክብል ለመርሳት በሽታ ያጋልጣል»፣ «አጥንት ያሳሳል»። ይህን ያነበበ ሰው ለዓመታት ሲወስደው የነበረውን ኦሜፕራዞል በዚያው ዕለት ያቆማል። ብዙም ሳይቆይ ቃሩ ከቀድሞው ብሶ ይነሣበትና «ለካ ያለ መድኃኒቱ መኖር አልችልም» ብሎ ወደ እንክብሉ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ወሬውን ከቁብ ሳይቆጥር፣ ለስምንት ሳምንት የታዘዘለትን መድኃኒት ዐሥረኛ ዓመቱን አስይዞታል። አንዱ ከልክ በላይ ፈርቷል፣ ሌላው ከልክ በላይ ተማምኗል። የሁለቱም ስሕተት ምንጩ ግን አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ምኑን እንደሚያግድና ሲቋረጥ ሰውነት ምን እንደሚያደርግ የነገራቸው የለም።

ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል፣ ላንሶፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞልና ራቤፕራዞል የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ በጥቅሉ «የፕሮቶን ፓምፕ አጋጆች» ይባላሉ። የስማቸው መጨረሻ ያመሳስላቸዋል። ይህ መለያ ግን ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ አሪፒፕራዞል የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በስም ብቻ ይመስላቸዋል እንጂ ዝምድና የለውም።

ፓምፑ የት ነው? ምንስ ይሠራል?

በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ አሲድ የሚያመነጩ ሕዋሳት አሉ፤ በሕክምናው ቋንቋ ፓራይታል ሕዋሳት ይባላሉ። በእነዚህ ሕዋሳት ሽፋን ላይ ሃይድሮጅን ፖታሲየም ኤቲፒኤዝ የሚባል ፕሮቲን ተተክሏል። የፕሮቶን ፓምፕ የተባለው ይኸው ፕሮቲን ነው። ሥራው አንድ ፕሮቶን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ያጣ የሃይድሮጅን አቶም፣ ከሕዋሱ ወደ ጨጓራ እየገፋ በምትኩ አንድ ፖታሲየም ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። የሚገፋው ፕሮቶን በሌላ መንገድ ከሚወጣው ክሎራይድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የአሲድነት መለኪያ በሆነው ፒኤች የደም መጠን 7.4 ገደማ ሲሆን፣ ፓምፑ አሲዱን በሚያፈስባቸው ጠባብ ቦዮች ውስጥ ግን ወደ 1 ይወርዳል። የፒኤች አንድ ደረጃ የዐሥር እጥፍ ልዩነት ስለሆነ፣ ፓምፑ ፕሮቶኖችን የሚገፋው ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ወደ ተጨናነቁበት ቦታ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት የሚገኘው የሕዋስ ነዳጅ ከሆነው ኤቲፒ ነው። ነዳጁን የሚያመርቱት ሚቶኮንድሪያዎችም ከፓራይታል ሕዋስ ይዞታ ሲሶ ያህሉን ይይዛሉ።

ለቀጣዩ ነገር ቁልፍ የሆነው ግን ሌላ ዝርዝር ነው። ሆድ ባዶ በሆነበት ሰዓት አብዛኞቹ ፓምፖች በሥራ ላይ አይደሉም፤ በሕዋሱ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ታጭቀው ይቀመጣሉ። ምግብ ሲመጣ ጋስትሪን የተባለው ሆርሞን፣ ሂስታሚንና የነርቭ መልእክት ሕዋሱን ይቀሰቅሱታል። ያን ጊዜ ከረጢቶቹ ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ይዋሐዳሉ፤ ፓምፖቹም ወጥተው አሲድ ማፍሰስ ይጀምራሉ።

ይህ ፓምፕ በሰውነት ውስጥ ብቸኛ አይደለም። ዴንማርካዊው ሳይንቲስት ዬንስ ስኮው በ1957 ያገኘውና በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያስገኘለት የሶዲየም ፖታሲየም ፓምፕ የቅርብ ዘመዱ ነው። ያኛው በእያንዳንዱ ሕዋስ ላይ ማለት ይቻላል ይገኛል፤ ዲጎክሲን የተባለው የቆየ የልብ መድኃኒትም የሚሠራው እርሱን በማገድ ነው። የዲጎክሲን መጠን ጥቂት ከፍ ሲል ልብን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ሐኪሞች ያውቃሉ። እንግዲህ የጨጓራውን ፓምፕ ለማገድ የተነሣ ኬሚካል ዘመዱን ሳይነካ ማለፍ አለበት። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነበር።

መድኃኒቱ ዒላማውን የሚያገኝበት መንገድ

መልሱ ያማረ ነው። ሰው የሚውጠው ኦሜፕራዞል ራሱ አጋጅ አይደለም። አጋጅ የሚሆነው አሲድ ሲያገኘው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ኬሚካል የፋርማሲ ባለሙያዎች «ቅድመ መድኃኒት» ሊሉት ይችላሉ። ነገር ግን በዋናው የጨጓራ ክፍል ውስጥ አሲድ ካገኘው ገና ሳይደርስ ይበላሻል። ስለዚህ ይሸፈናል። የኦሜፕራዞል እንክብል ቢከፈት በውስጡ ዱቄት ሳይሆን ጥቃቅን ክብ ፍሬዎች ይታያሉ፤ እያንዳንዷ ፍሬ አሲድ የማይበግረው ሽፋን አላት። ፍሬዎቹ ጨጓራን አልፈው ትንሹ አንጀት ውስጥ ይሟሟሉ፤ መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባና በደም በኩል፣ ማለትም በጓሮ በር፣ ወደ ፓራይታል ሕዋሳት ይደርሳል። ፍሬዎቹን መፍጨት ወይም ማኘክ የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዋሱን አልፎ አሲድ ወዳለበት ቦይ ሲገባ መድኃኒቱ ኤሌክትሪካዊ ሙል ይይዛል፤ ሙል የያዘ ነገር ደግሞ ሽፋኑን አልፎ መመለስ ስለሚቸግረው እዚያው ይከማቻል። በቦዩ ያለው ክምችት በደም ካለው አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል። ከዚያ አሲዱ ራሱ የመድኃኒቱን ቅርጽ ይለውጠዋል። የተለወጠው ኬሚካል ፓምፑ ላይ ካሉት የሲስቲን አሚኖ አሲዶች፣ በተለይም 813ኛው ቦታ ላይ ካለው፣ ጋር በሰልፈር ትስስር ይጣበቃል። በቀላሉ የሚላቀቅ ትስስር አይደለም፤ ቁልፉ ውስጡ ተሰብሮ የቀረበት በር እንደማይከፈት ሁሉ፣ የተያዘው ፓምፕም ከሞላ ጎደል ለዘለቄታው ይቆማል። ሌሎች የሰውነት ክፍሎች እንዲህ ያለ ጠንካራ አሲድ ስለሌላቸው መድኃኒቱ እዚያ አይነቃም። የሶዲየሙ ፓምፕ የሚተርፈው በዚህ ነው።

ከዚህ አሠራር ብዙ የተግባር ነገር ይከተላል፤ ብዙ ተጠቃሚም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኦሜፕራዞል በደም ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ በየአንድ ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የሚያግደውም በሥራ ላይ ያለን ፓምፕ ብቻ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሲደርስና ፓምፖቹ በምግብ ተቀስቅሰው ሲወጡ መገጣጠም አለባቸው። «ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ» የሚለው ትእዛዝ ልማድ ሳይሆን የዚህ ስሌት ውጤት ነው። ማታ ሊተኛ ሲል በባዶ ሆድ የሚውጠው ሰው መድኃኒቱን የሚልከው ፓምፖቹ ወደ ተኙበት ነው። «አልሠራልኝም» ተብሎ መጠኑ እጥፍ ከመደረጉ በፊት ሰዓቱ ቢጠየቅ፣ የብዙ ሰው ችግር እዚያው ሊፈታ ይችላል።

የመጀመሪያው እንክብል ቃሩን ወዲያው የማያጠፋውም ለዚሁ ነው። በአንድ ጊዜ የሚታገደው ከፓምፖቹ ከፊሉ ነው፤ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ እፎይታ የሚሰጠው የተመረተውን አሲድ የሚያረክሰው ተራው ፀረ አሲድ ነው። በተቃራኒው መድኃኒቱ ሲቆም አሲዱ የሚመለሰው ሕዋሱ አዳዲስ ፓምፖችን ሲሠራ በመሆኑ ቀናት ይወስዳል።

ሲቋረጥ የሚመጣው ቃር

ኦሜፕራዞል በ1979 በስዊድን፣ የአስትራ ኩባንያ ቅርንጫፍ በነበረው ሄስሌ ቤተ ሙከራ ተሠራ፤ በ1988 ለገበያ ቀረበ። በመካከሉ ግን ሊቀር የደረሰበት ጊዜ ነበር። በ1984 ዕድሜ ልካቸውን ከፍተኛ መጠን በተሰጣቸው አይጦች ጨጓራ ላይ ዕጢ በመታየቱ በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ታገደ። ምርመራው ሲካሄድ ጥፋተኛው መድኃኒቱ በቀጥታ ሳይሆን ጋስትሪን ሆኖ ተገኘ። ሙከራውም ቀጠለ። በሰው ላይ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት የአንዳንድ ሕዋሳት መብዛት ቢታይም፣ ዕጢው በአይጦቹ እንደታየው የተለመደ ችግር አልሆነም። የያኔው ምርመራ ግን ዛሬ ለብዙ ሰው ግራ የሚያጋባውን ነገር ለመረዳት በር ከፍቷል።

ጨጓራ የራሱን አሲድ ይቆጣጠራል። አሲድ ሲበዛ የጋስትሪን መመንጨት ይቀንሳል፤ አሲድ ሲያንስ ጋስትሪን ይጨምራል። ፓምፖቹ በመድኃኒት ሲታገዱ ጨጓራ የሚያየው የአሲድ እጥረት ነውና ጋስትሪኑን ያበዛዋል። የበዛው ጋስትሪን ሂስታሚን አመንጪ ሕዋሳትን እንዲራቡ ይገፋፋል። ይህ ሁሉ ዝግጅት መድኃኒቱ እስካለ ድረስ አይታይም፤ ቀስቃሹ ቢበዛም ፓምፑ ታግዷል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም ግን አዳዲሶቹ ፓምፖች የሚወጡት ከቀድሞው ይበልጥ ቀስቃሽ ወደ ተከማቸበት ጨጓራ ነው። ለተወሰነ ጊዜ አሲዱ ከመነሻው በላይ ይሆናል። ሐኪሞች ይህን «አጸፋዊ የአሲድ መብዛት» ሊሉት ይችላሉ።

በ2009 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። የተመረጡት 120 ሰዎች ጤነኞች ነበሩ፤ የጨጓራ ሕመም አልነበረባቸውም። ግማሾቹ ለ12 ሳምንት መድኃኒት መሰል ባዶ እንክብል (ፕላሴቦ) ወሰዱ። ግማሾቹ ደግሞ ለ8 ሳምንት ኢሶሜፕራዞል ከወሰዱ በኋላ፣ ሳያውቁት ለ4 ሳምንት ወደ ባዶው እንክብል ተዛወሩ። በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ቃርና መሰል ስሜት የተሰማቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 44 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 15 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ፣ ሕመም ያልነበረባቸውን ሰዎች ሲያቋርጡት ሊያክመው የተሠራውን ሕመም አሳይቷቸዋል ማለት ነው።

ይህን ውጤት አጋንኖ መተርጎምም ስሕተት ነው። ክስተቱ ጊዜያዊ ነው፤ በእውነተኛ ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ሁሉም ይህን ያህል ግልጽ ውጤት አላሳዩም። መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል ወይስ በአንዴ ማቆም በሚለው ላይም ባለሙያዎች አልተስማሙም፤ የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሕክምና ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር ሁለቱም መንገዶች ይቻላሉ ብሏል። የሚያከራክር የማይመስለኝ ግን ይህ ነው፦ መድኃኒቱን ባቆመ በሁለተኛው ሳምንት ቃር የተነሣበት ሰው በሽታው ተመልሷል ወይም ዕድሜ ልኩን መውሰድ አለበት ብሎ መደምደም አይችልም። ጥቂት ሳምንታት በፀረ አሲድ ወይም እንደ ፋሞቲዲን ባሉ ሂስታሚን አጋጆች ተደግፎ ማለፍ ሳይሞከር እንክብሉ ሲደገም፣ መድኃኒቱ የሚታዘዘው ለራሱ መቋረጥ ይሆናል።

ርዕሶቹ የሚያወሩት ጉዳት

በ2016 ሁለት ጥናቶች ብዙ ወሬ አስነሡ። አንዱ እነዚህን መድኃኒቶች ከሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ጋር፣ ሌላው በጀርመን የጤና መድን መረጃ ላይ ተመሥርቶ ዕድሜያቸው ከ75 በላይ በሆኑ ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር አያያዘ። ሁለቱም ምልከታዊ ጥናቶች ናቸው፤ ማለትም አጥኚዎቹ ማን መድኃኒቱን ይውሰድ ብለው አልመደቡም፣ የሆነውን ብቻ ቆጠሩ። ችግሩ የፕሮቶን ፓምፕ አጋጅ የሚወስዱ ሰዎች በአማካይ በዕድሜ የገፉ፣ ክብደታቸው የጨመረ፣ ሌላ ሕመም ያለባቸውና ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ መሆናቸው ነው። ኩላሊታቸው ቢደክም ጥፋቱ የእንክብሉ ነው ወይስ እንክብሉን ያስያዛቸው ሕመም? አጥኚዎች ይህን በስሌት ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ያልተመዘገበን ነገር ግን ማስተካከል አይቻልም።

ጥያቄውን ይበልጥ በቀጥታ የመለሰው በ2019 የታተመው የኮምፓስ ሙከራ ውጤት ነው። 17,598 ሰዎች በዕጣ ተመድበው ከፊሉ ፓንቶፕራዞል፣ ከፊሉ ባዶ እንክብል ለሦስት ዓመት ያህል ወሰዱ። በሳንባ ምች፣ በአጥንት ስብራት፣ በኩላሊት በሽታም ሆነ በመርሳት በሽታ ረገድ ጎልቶ የወጣ ልዩነት አልታየም። የታየው በአንጀት ኢንፌክሽን ላይ ብቻ ነው፤ 1.4 በመቶ ከ1.0 በመቶ ጋር። የዚህ ሙከራ ተቺዎችም ቁም ነገር አላቸው፤ ሦስት ዓመት ዐሥር ዓመት አይደለም፣ ቀስ ብሎ የሚመጣን ጉዳትም ላያሳይ ይችላል። ያም ሆኖ በዕጣ የተደረገ ሙከራ ያላገኘውን ጉዳት እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ማውራት አያስኬድም።

መንገዳቸው የታወቀ ጉዳቶች ደግሞ አሉ፤ የሚገርመው እነዚህ እምብዛም አይወራላቸውም። አሲድ ከምግብ ጋር የሚገቡ ተሕዋስያንን ስለሚገድል፣ ሲቀንስ የአንጀት ኢንፌክሽን መጨመሩ ይጠበቃል። ቫይታሚን ቢ12ን ከምግብ ፕሮቲን የሚያላቅቀው አሲድ በመሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ በሚወስዱ ሰዎች እጥረቱ ይታያል። የብረት ማዕድንም በሚገባ ላይመጠጥ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2011 ከአንድ ዓመት በላይ በወሰዱ ሰዎች ላይ የሚታይ የማግኒዥየም መቀነስን አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ይህ ሲብስ ጡንቻ ያኮማትራል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። ኩላሊትን በተመለከተም በድንገት የሚያስቆጣ የአለርጂ ዓይነት እብጠት አልፎ አልፎ ያስከትላል። ይህ ጥቂት ሰው ላይ ቢደርስም እውን ነው፤ ርዕሶቹ ከሚያወሩት ጋር ግን አንድ አይደለም።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ግጭትም ሊዘለል አይገባም። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ሪልፒቪሪን ለመመጠጥ አሲድ ስለሚሻ ከእነዚህ ጋር አብሮ አይሰጥም። ኦሜፕራዞል የደም መርጋትን የሚከላከለው ክሎፒዶግሬል በጉበት ውስጥ የሚነቃበትን ኢንዛይም ያዳክማል፤ በዚህም ምክንያት በ2009 ሁለቱን አብሮ ከመስጠት እንዲታቀቡ ሐኪሞች ተመክረዋል። ይሁንና በ2010 የታተመው የኮጀንት ሙከራ፣ ቀድሞ ቢቋረጥም፣ በልብ ላይ ተጨማሪ ጉዳት አላሳየም። እንዲያውም የጨጓራና አንጀት መድማትንና መሰል ችግሮችን ከ2.9 በመቶ ወደ 1.1 በመቶ ቀንሷል። ብዙ ሐኪሞች ዛሬ መሃል መንገዱን ይመርጣሉ፤ ጨጓራን መጠበቅ ሲያስፈልግ በኢንዛይሙ ላይ ያነሰ ጫና ያለውን ፓንቶፕራዞልን ያዝዛሉ።

ማቆም የማይገባቸው ሰዎች

ርዕስ አንብቦ ማቆም በእርግጥ አደገኛ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። የጨጓራ ቁስለታቸው ደምቶ የሚያውቅና አስፕሪን ወይም እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱ፣ የምግብ ቧንቧቸው በአሲድ ክፉኛ የቆሰለ፣ ባሬት የተባለው የምግብ ቧንቧ ለውጥ የታየባቸው፣ ጋስትሪን የሚያመነጭ ዕጢ ያለባቸው ሰዎች የሚያገኙት ጥቅም ከጉዳቱ በብዙ ይበልጣል። የመድኃኒቱ መጥፎ ስም የሚጎዳው በዋናነት እነዚህን ነው።

በሌላው ጫፍ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ እንክብሉን የሚውጥ ሰው አለ። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ብዙው የጨጓራ ቁስለት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ እንደሚመጣ በማሳየታቸው ነው። ባክቴሪያው በአንቲባዮቲኮችና በአሲድ አጋጅ ጥምረት፣ ብዙውን ጊዜ በ14 ቀን ሕክምና ይጠፋል። አጋጁን ብቻውን ለዓመታት መውሰድ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ባክቴሪያውን አያጠፋውም። ይባስ ብሎ መድኃኒቱ ምርመራውን ያሳስታል፤ የትንፋሽ ወይም የሰገራ ምርመራ ከመደረጉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት ካልቆመ፣ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። መዋጥ ያስቸገረው፣ ሰገራው የጠቆረ፣ ደም ያስመለሰው ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ደግሞ እንክብል ከመጨመሩ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

አዲሶቹ አጋጆች

ውይይቱ በቅርቡ መልኩን ይቀይራል። ከፖታሲየም ጋር እየተሻሙ ፓምፑን የሚያግዱ አዲስ ዓይነት መድኃኒቶች መጥተዋል። ቮኖፕራዛን በጃፓን በ2014 ተፈቅዷል፤ በአሜሪካም በአሲድ ለቆሰለ የምግብ ቧንቧ ሕክምና በ2023 ተፈቅዷል። ቴጎፕራዛን በደቡብ ኮሪያ በ2018 ተፈቅዷል። እነዚህ ፖታሲየም የሚገባበትን ቦታ ይይዛሉ፤ በሰልፈር አይጣበቁም፣ ስለዚህ ሊላቀቁ ይችላሉ። አሲድ እንዲያነቃቸው አይጠብቁም፤ ከምግብ በፊት መዋጥም ግድ አይደለም። ውጤታቸውም ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። በ2018 የጃፓን ተመራማሪዎች የፓምፑን ቅርጽ ቮኖፕራዛን እንደያዘ በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ አሳትመዋል፤ ይህም መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን ቦታ በአቶም ደረጃ ለማየት አስችሏል።

የሰዓት ጣጣው ቀረ ማለት ግን የጋስትሪን ጣጣ ቀረ ማለት አይደለም። አሲዱ ይበልጥ በተቀነሰ ቁጥር ጋስትሪኑ ይበልጥ ይጨምራል፤ በቮኖፕራዛን የሚታየው የጋስትሪን መጠንም በቀድሞዎቹ ከሚታየው ከፍ ያለ ነው። ለዓመታት ወስደውት በድንገት የሚያቆሙት ሰዎች ምን እንደሚያጋጥማቸው የሚያሳይ፣ ከዴንማርኩ ጋር የሚመጣጠን ጥናት ቢደረግ መድኃኒቱ በብዛት መታዘዝ ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ይመረጣል።